ቀለሙ ይለቃል?

እናቴ ጨርቅ ስትገዛ መጀመሪያ «ቀለሙ ይለቃል?» ትል ነበር። ላቦራቶሪ ገብቼ ፕሮቲን ቀይ ሳቀልም ጥያቄዋ ተከተለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1941 የሃርቫርዱ አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም አሰሩ፤ ሰማያዊ። ችግሩ፣ የሰውነት ሥጋ ራሱ ሰማያዊ ያበራል! በ1942 በአረንጓዴው ፍሎረሲን የሳንባ ምች ባክቴሪያ የት እንዳለ አዩ። አረንጓዴ ብቻውን ግን የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ለማየት ቀዩ ሮዳሚን መጣ።

የቀድሞው ማያያዣ ሲዘጋጅ ፎስጂን፣ ያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መርዝ ጋዝ፣ ይፈልግ ነበር። በ1958 የሪግስ ቡድን ሁለቱንም ቀለሞች በኢሶታዮሳያኔት አዘጋጀ፤ እሱም የፕሮቲኑን አሚን አጥብቆ ይይዛል።

ዛሬም ያልተያያዘውን ቀለም አጥቤ አስወግዳለሁ። የምናምነው የቀረውን ቀይ ብቻ ነው። እማዬ፣ ይሄኛው አይለቅም።