ስም ያላወጣንለት

በቢዮ አዋሌ፣ በአያቴ ግቢ ውሻ በወለደች ቁጥር ወንዶቹ ቡችሎች ለጥበቃ ይመረጡ፣ ሴቶቹ ግን በጆንያ ተቋጥረው ወደ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ይወሰዱ ነበር። አንድ ጊዜ ጆንያውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ የውሻን ታሪክ እንድፈልግ ያደረገኝም እርሱ ነው።

ታሪኩን ከጎረቤታችን ከሐረር አገኘሁት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ፣ ቅኔን ትቶ በንግድ ሲኖር፣ በሸቀጡ ላይ የሚሸኑበትን ውሾች በመርዝ እንደፈጀ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ከተሞችም ከዚህ መልስ አልራቁም። አዲስ አበባም ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ለውሾቿ ስትጥል ኖራለች። ሬሳው ይለቀማል፤ ብዙ ሳይቆይ መንገዱ እንደገና በውሻ ይሞላል። የተረፉት የሞቱትን ድርሻ ይበላሉና፤ ሴቷም ሁለት ወር ያህል ብቻ አርግዛ ብዙ ትወልዳለችና።

የሚደንቀኝ፣ ማኮላሸት ለአባቶቻችን እንግዳ አለመሆኑ ነው። የተኮላሸ በሬ ሰንጋ፣ ተኮላሽቶ የሰባ ፍየል ሙክት ይባላል። ለተኮላሸ ውሻ ግን ስም አላወጣንም፤ ለማይታረድና ለገበያ ለማይቀርብ እንስሳ ማን ይደክማል? በእርግጥ ወንዱን ማኮላሸት ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃልና። ሴቷን ማምከን ደግሞ ማደንዘዣ፣ ስፌትና የእንስሳት ሐኪም ይጠይቃል።

በባሌ ተራሮች ይህ ጉዳይ የአንድ ዘር ህልውና ሆነ። በዓለም ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ከመንደር ውሾች ጋር ሲዳቀል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሲፈጀው፣ ጠባቂዎቹ ውሾችን መከተብ ያዙ፤ ማምከንንም ሞከሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው ሊገታ እንደሚችል ያስተምራል። ተከትባ የመከነች ውሻ ቦታዋን ይዛ ትኖራለች፤ የተመረዘችው ግን ቦታዋን ላልተከተበ ትለቃለች። ንክሻው የሚያርፈውም ብዙ ጊዜ በልጆች ላይ ነው።

አያቴ ጨካኝ ሴት አልነበሩም፤ ከጆንያው ሌላ መንገድ የሚያሳያቸው አጥተው ነው። መንገዱ ከታወቀ በኋላ ዛሬም ጆንያ የሚሸከም ልጅ ካለ፣ ጥፋቱ የአያቱ አይደለም።