በቆመ መኪና ላይ ስለሚደርስ ታናሽ ጉዳትና ስለ ካሣው አከፋፈል
አጭር የታሪክ ጥናት

አንድ ሰው መኪናውን ከገበያ ወይም ከመሥሪያ ቤት አጠገብ አቁሞ፥ ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ ፓራውልቱ ተጣሞ ወይም የበሩ ላሜራ ተቀጥቅጦ ያገኘዋል። ሰው አልሞተም፤ አልቈሰለምም። ጋዜጣ አይጽፈውም፤ ታሪክ ጸሓፊም አይመለከተውም። ነገር ግን ባለመኪናው በዚያች ሰዓት ሦስት ጥያቄዎች ይመጡበታል። ይኸውም ጉዳቱን የሚከፍለው ማን ነው? በየትኛው ሕግ ነው የሚከፍለው? ገንዘቡስ ከየት ይገኛል? የሚሉት ናቸው።

በዚህ አጭር ጥናት እነዚህ ጥያቄዎች በአገራችን በምን ጊዜና በምን ቅደም ተከተል መልስ እንዳገኙ ለመመርመር እንሞክራለን። ልናስረዳ የምንፈልገውም ነገር ይህ ነው፤ ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከሰጠ በኋላ ሦስተኛው ጥያቄ ግማሽ ምዕት ዓመት ለሚያህል ጊዜ ያለ መልስ ቈይቷል። በሌሎችም አገሮች ቢሆን ታናሹ ጉዳት ከሁሉ በኋላ የታሰበ ነው። የአገራችንን ዓመታት በዓመተ ምሕረት፥ የውጭውን አገር ደግሞ እ. ኤ. አ. እያልን እንጽፋለን።

፩. ከሕጉ በፊት

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ. ም. ሲሆን፥ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጂቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያመጣው ነው። በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ መኪና ከመኪና ጋር ሊጋጭ የሚችልበት ምክንያት አልነበረም። መንገድ ላይ የሚነሣው ጠብ የበቅሎና የአጋሰስ፥ የእግረኛና የፈረሰኛ ጠብ ነበር። ለዚህም አገሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የተበደለው ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ባላጋራውን ያቆመዋል፤ ከመንገደኞቹም መካከል በዕድሜው ወይም በማዕርጉ የተከበረውን ሰው ዳኝነት ይጠይቁታል፤ እርሱም እዚያው ቆሞ የሁለቱን ወገን ቃል ይሰማል። ካሣ የሚለው ቃል ከዚህ ሥርዓት ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። የመንገዱ ዳኝነት የሚሠራው ሁለቱ ባላጋሮች ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው። በቆመ መኪና ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ በሌለበት የሚፈጸም ነው። ጎጂው ካልቈየ «በሕግ አምላክ» የሚባለው ሰው የለም። ስለዚህም አዲሱ ዕቃ አዲስ ዓይነት በደል ይዞ መጣ።

የጋራዡ ቋንቋም ይህንኑ ታሪክ ይመሰክራል። ፓራውልት፥ ፓራፋንጎና ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ኢንሹራንስም ከውጭ ቋንቋ ነው፤ ካሣ ግን የራሳችን ነው። የአንዲት ግጭት ጉዳይ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ እነዚህ ሁሉ ቃላት ባንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

፪. የ1952 ዓ. ም. ሕግና የግጭት ሒሳብ

የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ በ1952 ዓ. ም. ታውጀው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ ጸኑ። የመጀመሪያውን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፥ የንግዱን ሕግ ዣን ኤስካራ ጀምረውት፥ እርሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጽመውታል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2081 እንደ ተመለከተው፥ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊ ነው። መኪናውን የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም ኀላፊነቱ አይቀርለትም፤ የሚድነው መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው። ይህ ሐሳብ ባንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በፈረንሳይ አገር እ. ኤ. አ. በ1925 ቤልፎር በምትባል ከተማ አንዲት ልጃገረድ በጭነት መኪና ተገጭታ ስለ ነበረ፥ የጠቅላይ ሰበር ፍርድ ቤት በየካቲት 1930 እ. ኤ. አ. በሰጠው ፍርድ፥ ዕቃውን በእጁ ያደረገ ሰው ዕቃው ላደረሰው ጉዳት ጥፋቱ ሳይመረመር ኀላፊ እንደሚሆን ወስኗል። የእኛ ሕግ ፈረንሳዮች በዳኞች ብልሃት የደረሱበትን ነገር በግልጽ ጽፎ አወጀው ማለት ነው።

ለጥናታችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ የሚሠራው ቁጥር 2084 ነው። በዚህ ቁጥር መሠረት ሁለቱ መኪናዎች ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይቈጠራል፤ የጉዳቱም ጠቅላላ ድምር ለሁለት ይከፈላል። አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በይበልጥ በአንደኛው ነጂ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይህ ግማሽ በግማሽ የሚለው ደንብ አይሠራም። በኢጣልያም የ1942 እ. ኤ. አ. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2054 ተመሳሳይ ግምት አለው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ የመኪና ማቆሚያ ስፍራ ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ያቆሟቸውን መኪናዎች የኋላ ማርሽ አስገብተው ሲወጡ ተጋጩ እንበል። ማን እንዳጠፋ የሚያስረዳ ምስክር የለም። የአንደኛው ጉዳት 6,000 ብር፥ የሁለተኛው 18,000 ብር ነው፤ ድምሩ 24,000 ብር ይሆናል። በእኛ ሕግ እያንዳንዱ 12,000 ብር መሸከም አለበት። ስለዚህ ትንሽ የተጎዳው ሰው የራሱን 6,000 ብር ችሎ፥ ለሌላው 6,000 ብር ይጨምርለታል። በፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች በቈየው ልማድ ቢሆን ግን እያንዳንዱ የሌላውን ጉዳት በሙሉ ስለሚክስ፥ ያው ሰው 18,000 ብር ከፍሎ 6,000 ብር ይቀበል ነበር። ሁሉም የየራሱን ይቻል ቢባል ደግሞ አንዱ 6,000 ብር፥ ሌላው 18,000 ብር ተሸክመው ይለያዩ ነበር። እንግዲህ የእኛ ሕግ የመረጠው መካከለኛውን መንገድ እንደ ሆነ ከሒሳቡ መረዳት ይቻላል።

የቆመ መኪና ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በደንቡ ቆሞ የነበረውን መኪና ሌላው መጥቶ ከገጨው፥ ጥፋቱ የገጪው ለመሆኑ ማስረጃው ቀላል ስለ ሆነ ባለመኪናው ግማሹን እንዲሸከም አይገደድም። ማስረጃው ቀላል የሚሆነው ግን ጎጂው ሲታወቅ ነው። ተበዳዩም ክሱን በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ እንዳለበት በቁጥር 2143 ተደንግጓል።

፫. ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ኀላፊነት ብቻውን ላሜራ አያቀናም። ኀላፊው የሚከፍለው ከሌለው ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የኢንሹራንስን ታሪክ አብረን መመልከት አለብን።

በአገራችን የኢንሹራንስ ሥራ የተጀመረው በውጭ ኩባንያዎች ወኪልነት ነው። የአገር ውስጥ የመጀመሪያው ኩባንያ፥ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፥ የተቋቋመው እ. ኤ. አ. በ1951 ነው። እ. ኤ. አ. በ1954 በአገሩ 9 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ከኢምፔሪያል በቀር ሁሉም የውጭ ኩባንያዎች ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ነበሩ። በ1960 እ. ኤ. አ. ቁጥራቸው 33 ደረሰ። ሥራውን በልዩ ሕግ ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 የ1970 እ. ኤ. አ. ሲሆን፥ በእርሱ መሠረት 15 የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ፈቃድ አገኙ። በዚያው ጊዜ ፈቃድ ያገኙት የጉዳት ገማቾች 11 ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ ትንሽ ቢመስልም ለጥናታችን ትልቅ ምልክት ነው፤ የተጣመመው ፓራውልት ስንት ብር እንደሚያወጣ ለመናገር ሥልጣን የተሰጠው ሰው በጣቶች የሚቈጠር ነበርና።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ. ም. 13 ኩባንያዎች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ፤ በ1968 ዓ. ም. በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ያህል መድን መግዛት የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት አንድ በር ብቻ ነበር። የግል ኩባንያዎች እንደ ገና የተፈቀዱት በ1986 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን መድን መግባት ለባለመኪናው በፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ነበር እንጂ በጠቅላላው የሚያስገድደው አዋጅ አልነበረም። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ ይኸም በ2005 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። እንግዲህ ባለመኪናውን ኀላፊ ካደረገው ሕግ እስከ አዋጅ 559 ድረስ 48 ዓመት አልፏል ማለት ነው። በነዚህ ዓመታት ተበዳዩ ካሣውን ማግኘቱና አለማግኘቱ በገጨው ሰው ኪስ ላይ የተመሠረተ ነበር።

፬. ታናሹ ጉዳት ለምን ዘገየ?

ይህ መዘግየት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት መድንን ግዴታ ያደረገችው እ. ኤ. አ. በ1927፥ እንግሊዝ በ1930 በወጣ ሕግ፥ ፈረንሳይ በ1958 በወጣ ሕግ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ግን በመጀመሪያ ግዴታው የሰውን ሞትና የአካል ጉዳት ብቻ የሚመለከት ነበር፤ የንብረት ጉዳት የተጨመረው በ1988 እ. ኤ. አ. መጨረሻ ነው። ለተቀጠቀጠው በር ሕጉ ለመድረስ 58 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

የመኪና ማቆሚያውም ስፍራ ራሱን የቻለ ክርክር አስነሥቷል። እ. ኤ. አ. በ1998 የእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ከማቆሚያ ስፍራዎች የመጡ ሁለት ጉዳዮችን በአንድነት መርምሮ፥ ማቆሚያ ስፍራ በሕጉ «መንገድ» ከሚባለው ውስጥ አይገባም ሲል ወሰነ። መንገድ ሰው ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድበት ነው፤ ማቆሚያ ግን የሚቆሙበት ነው ማለት ነው። በዚህም ምክንያት በማቆሚያው ውስጥ የተጎዳ ሰው ከግዴታው መድን ውጭ ቀረ። ሕጉም በ2000 እ. ኤ. አ. ተሻሽሎ «መንገድ ወይም ሌላ የሕዝብ ስፍራ» እንዲል ተደረገ። አንድ ቃል በመጨመሩና ባለመጨመሩ የሰው ካሣ ሊቀር እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የእኛ የ2000 ዓ. ም. አዋጅ በዚህ ረገድ ኋላ መምጣቱ ጠቅሞታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰውን አካልና የንብረትን ጉዳት አንድ ላይ ይዟል፤ ለንብረት ጉዳት በአዋጁ ተወስኖ የነበረው ጣሪያም 100,000 ብር ነበር።

፭. የመንገዱ ዕርቅና የኩባንያው ወረቀት

አሁን ወደ ተነሣንበት ሰው እንመለስ። የገጨው ሰው ሳይሸሽ ቢገኝ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የትራፊክ ፖሊስ ተጠርቶ ፕላን እስኪያነሣ ድረስ መጠበቅ፥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ፥ ከጋራዥ ፕሮፎርማ ማምጣት፥ ገማች እስኪያየው መቈየት ነው። ሁለተኛው አባቶቻችን የሚያውቁት መንገድ ነው፤ መንገደኞች ይሰበሰባሉ፥ «ወንድሞቼ፥ ለዚች ነገር አትጨቃጨቁ» የሚል ሽማግሌ ይገኛል፥ ጥቂት ብር ይከፈላል፥ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው ይለያያሉ።

የመንገዱን ዕርቅ አንንቅም። ፈጣን ነው፤ ጠብንም ያበርዳል። ነገር ግን ከመድን ሕግ ጋር የሚጋጭበት ስፍራ አለ። በንግድ ሕጉ በቁጥር 683 መሠረት ካሣ የከፈለ መድን ሰጪ በመድን ገቢው እግር ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል። መድን ገቢው በመንገድ ላይ «ይቅር ብየሃለሁ» ብሎ ከፈረመ ግን ይህን መብት አጥፍቶበታልና፥ ኩባንያው አልከፍልም የሚልበት ምክንያት ያገኛል። ከሳምንት በኋላ ላሜራው ሲነቀል ከሥሩ ሌላ ስብራት ቢገኝ፥ ባለመኪናው ከዕርቁም ከመድኑም ሳይሆን ይቀራል። ደግሞም በቁጥር 678 እንደ ተደነገገው የንብረት መድን ጉዳትን መካሻ እንጂ ማትረፊያ አይደለም፤ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ለመቀበል ማሰብ አይገባም።

የፈረንሳይ መድን ሰጪዎች ይህን ችግር በስምምነት አቃልለውታል። ሁለቱ ነጂዎች እዚያው ቆመው አንድ ዓይነት ቅጽ በጋራ ይሞላሉ፤ የአደጋውን ሁኔታ ይሥላሉ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ኩባንያ ይሄዳል፤ ኩባንያዎቹም በመካከላቸው ይተሳሰባሉ። ቅጹ ስለ ሆነው ነገር ይመሰክራል እንጂ መብት አያስቀርም።

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ የአገራችን የካሣ ታሪክ ሁለት ወንዞች አሉት። አንዱ ባላጋሮችን ፊት ለፊት የሚያገናኘው የሽምግልና ሥርዓት፥ ሌላው ከ1952 ዓ. ም. ወዲህ የመጣው የሕግና የመድን ሥርዓት ነው። እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ እንጂ አልተቀላቀሉም። በእኛ አስተያየት ሽማግሌው የሚያስታርቅበት ቃልና ገማቹ የሚያነብበው ወረቀት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱ ነጂዎች በእማኞች ፊት ሆነው የሆነውን ነገር ይጻፉ፥ ይፈርሙ፥ ካሣውን ግን ለኋላ ይተዉት። ዕርቁም አይፈርስም፤ መብቱም አይጠፋም።

ጎጂው ሸሽቶ የሄደበት ባለመኪና ግን ይህ ሁሉ አይደርስለትም። እርሱን የሚያድነው ሕሊና ነው። በመስታወቱ ላይ ስሙንና ስልኩን ጽፎ ትቶለት የሚሄድ ሰው፥ ማንም ሳያየው ለራሱ «በሕግ አምላክ» ያለ ሰው ነው።