«ሕጉ ፈቅዷል» ማለት «ሐላል ነው» ማለት ነውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከዲንሾ፣ ከሮቤ፣ ከጎባና ከአካባቢው ወጥተው በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶች ያሏችሁ ብዙ ናችሁ። በተለይ የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የኦሮሞ ተወላጆች በብዛት የሰፈሩበት ነው። በዚያ እ.ኤ.አ ከኦገስት 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ካናቢስን፣ ማለትም ሐሺሽ የምንለውን ዕፅ፣ እንዲጠቀም ሕግ ፈቅዷል። ልጅ «እዚህ እኮ ሕጋዊ ነው» ቢል ወላጅ ምን ይመልሳል? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ።

ሐሺሽ ለሙስሊሙ ዓለም አዲስ እንግዳ አይደለም። ሸይኽ ኢብን ተይሚያ (በ728 ሒጅራ ያረፉት) እንደገለጹት በሙስሊሞች መካከል የታየው በ6ኛው መቶ ዓመተ ሒጅራ መጨረሻ፣ ታታሮች በተነሱበት ጊዜ ነበር። ያኔም ዛሬ የምንሰማው ክርክር ተነሳ። «ቁርኣን ስሙን ጠቅሶ የከለከለው ኸምርን ነው፤ ይህ ግን ቅጠል ነው» የሚሉ አልጠፉም። ዑለማዎቹ ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያሰክር ነገር ሁሉ ኸምር መሆኑን ማስተማራቸውን አስታውሰው፣ ፍርዱ በስሙ ሳይሆን በአእምሮ ላይ በሚሠራው ሥራ ነው አሉ። ኢማም አል-ዘርከሺም (በ794 ሒጅራ ያረፉት) ስለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል።

መንግሥታትስ? በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ከሐሺሽ ግብር ይሰበሰብ ነበር፤ ሱልጣን ባይበርስ ይህን ግብር ሰረዙት። ልብ በሉ! ግብር መሰብሰቡ ዕፁን ሐላል አላደረገውም። ከዘመናት በኋላም በጄኔቭ በተደረገው የኦፒየም ጉባኤ ሐሺሽ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አጥብቃ የጠየቀችው ግብፅ ነበረች። የ1925ቱ ስምምነት ከዚያ ወጣ።

በአገራችን ደግሞ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀምን ይከለክላል። ከዲንሾ በአዳባና በዶዶላ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በሻሸመኔ በኩል ሊያልፍ ይችላል። በዚያ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ በ1948 በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ራስተፈሪያን ዕፁን የአምልኳቸው ክፍል ያደርጉታል። ሕጉ ግን ለእነርሱም የተለየ ፈቃድ አልሰጠም።

ስለ ጫት ሳናነሳ ብናልፍ ግን ነገራችን ጎደሎ ይሆናል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል-ዑመሪ የተባሉት ጸሐፊ ባሌን ከሰባቱ የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች አንዷ አድርገው ቆጥረዋል። የኢፋትን ሰዎች ሲገልጹም ጫትን አንስተዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ የሻፊዒያ ዓሊም ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ስለ ጫት ተጠይቀው፣ የመንን ዑለማዎች ልዩነት ከመረመሩ በኋላ ሐራም ነው ብለው ሳይቆርጡ ሰዎች እንዲርቁት አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ጫትና ሐሺሽ በዑለማዎች ዘንድ አንድ ፍርድ አልተሰጣቸውም። የመንግሥታትን ሕግ ያየን እንደሆነ ግን ጫት በኢትዮጵያ የተፈቀደ ሲሆን ብሪታንያ እ.ኤ.አ በ2014 ከልክላዋለች። ቅጠሉ ያው አንድ ቅጠል ነው፤ የተለወጠው ድንበሩ ነው። ድንበር በተሻገርን ቁጥር የሚለዋወጥ ሕግ እንዴት የሐላልና የሐራም መለኪያ ይሆነናል?

ውድ ወላጆች፣ የአሜሪካውን ሕግም ጠለቅ ብላችሁ እወቁት። ኮሎራዶና ዋሽንግተን የተባሉት ክፍለ ግዛቶች እ.ኤ.አ በ2012፣ ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ቴክሳስና ጆርጂያ ግን ለመዝናኛ መጠቀምን አልፈቀዱም። በዋሽንግተን ዲሲም ከ2015 ጀምሮ የተፈቀደው በግል ቤት ውስጥ እንጂ በመንገድና በመናፈሻ አይደለም። ከሁሉም በላይ የፌዴራሉ ሕግ ይህን አይፈቅድም። በዚህም ምክንያት በፌዴራል ድጎማ በሚከራዩ ቤቶች ዕፁን መጠቀም ከቤት ሊያስወጣ ይችላል። የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ቢፈቅድ እንኳ በካናቢስ መጠቀምም ሆነ በካናቢስ ንግድ መሥራት ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል ገልጿል። ሱቁ በር ላይ «ሕጋዊ ነው» የሚል ጽሑፍ አይቶ የገባ ወጣት ዓመታት የጠበቀውን ወረቀት ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ መንግሥት «ፈቀድሁ» ሲል «አልቀጣም» ማለቱ ነው። ለጤናህ ይበጅሃል፣ ለሰላትህ አይጎዳህም ማለቱ አይደለም። የአእምሮ አማና የተሰጠው ለእያንዳንዳችን ነው፤ የምንጠየቅበትም በአላህ ፊት ነው። በዲንሾ ብርድ ጫት አይበቅልም፤ ከሌላ አገር በመኪና ይመጣል፤ እኛም ለልጆች ከሚገዛው ደብተር አስቀድመን እንገዛዋለን። ከዙህር እስከ መግሪብ ጫት ላይ ተቀምጦ የሚውል አባት «ሕጋዊ ነው» የሚለውን የልጁን ቃል በምን አፉ ይመልሳል? ልጁ ያንን ቃል የተማረው ከእኛው ቤት እንዳይሆን እንፍራ።

ስለዚህ በስልክ ስትገናኙ ስለ ገንዘብና ስለ ጤና ብቻ አትጠይቁ። ሳትቆጡ፣ ሳታዋርዱ፣ ስለዚህም አንሱ። በሱስ የተያዘ ቢኖር ከሐኪምና ከመስጊዱ ኢማም ጋር እንዲመክር አበረታቱት እንጂ አትግፉት፤ የተውበት በር ክፍት ነውና።

አላህ የልጆቻችንን አእምሮና ኢማን ይጠብቅልን። አሚን።