የሻሸመኔ እንግዶች ቤትና የእኛ ደብተር

የማኅበራችን የዘንድሮ ጉብኝት ወደ ሻሸመኔ ነበር። በየሳምንቱ ከምንቆጥበው ለጉዞ ያስቀመጥናትን ይዘን፣ ቅጥቅጥ ተኮናትረን ከቦምቤ ሌሊት ተነሳን። በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በሾኔና በሐላባ አልፈን ረፋዱ ላይ ደረስን። ሻሸመኔ ለብዙዎቻችን ባዳ አይደለችም፤ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን እንጀራ ፍለጋ የሄዱባት ከተማ ናት። ጃማይካ ሰፈርን ግን በስም እንጂ ገብተን አናውቀውም ነበር።

የጎበኘነው ባናና አርት ሙዚየም የሚባለውን ቤት ነው። የመሠረተው ከካሪቢያኗ ሴንት ቪንሰንት ደሴት የመጣው አርቲስት ሐይሉ ተፈሪ ነው። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች የደረቀ የሙዝ ቅጠል ተቆርጦና ተለጥፎ የተሠሩ ናቸው። ቀለም አልተቀቡም፤ ቢጫውም ቡናማውም የቅጠሉ የራሱ መልክ ነው። እኛ እንሰት ስንፍቅ ያደግን ሴቶች ዝም ብለን አየን። በመጨረሻ አንዷ እናታችን፣ «ይሄን እኮ እኛ እሳት እናያይዝበታለን» ስትል ሁላችንም ሳቅን።

እነዚህ ሰዎች ውቅያኖስ ተሻግረው እዚህ ጎጆ የቀለሱት እንዴት ነው? ታሪኩ የሚጀምረው ከጣሊያን ወረራ ነው። በ1929 ዓ.ም. ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በአሜሪካና በካሪቢያን የሚኖሩ ጥቁሮች በዚህ ማኅበር በኩል ለኢትዮጵያ ገንዘብ አዋጡ፣ ድምፃቸውንም አሰሙ። ከነፃነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚህ ውለታ በሻሸመኔ 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ከሞንትሴራት ደሴት የተነሱት ጄምስ ፓይፐርና ባለቤታቸው ሄለን ይገኙበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ደግሞ ከዚያች ደሴት የሚመጡት በዙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሴቶቹን ፈልገን አገኘናቸው። ዶክተር መላኩ ያን ማኅበር ሲያቋቁሙ አሜሪካዊቷ ባለቤታቸው ዶሮቲ ከጎናቸው ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ የፌዴሬሽኑን መልእክት ይዘው ጃማይካ የሄዱት ሜሚ ሪቻርድሰን የተባሉ ሴት ናቸው። ሄለን ፓይፐርም ከባላቸው ጋር ባሕር ተሻግረዋል። ዛሬ ግን ስለ ጃማይካ ሰፈር ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው የወንዶቹ ስም ነው። እኛም ከጉብኝቱ በፊት ከሦስቱ ሴቶች የአንዷን ስም እንኳ ሰምተን አናውቅም ነበር።

ሌላው ያሳሰበን የመሬቱ ነገር ነው። ያ መሬት ሲሰጥ ባዶ ምድር ላይ አልነበረም፤ አካባቢው ቀድሞ የአርሲ ኦሮሞ ገበሬ የሚኖርበት ነው። ሰጪው ሲወርድ ደግሞ ስጦታውም ተናጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆኖ ሲታወጅ፣ ለእንግዶቹ ከዚያ ሁሉ ጋሻ የቀራቸው ጥቂቱ ብቻ ነው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ለብዙ ዓመታት የዜግነትም የመኖሪያም ወረቀት አልነበራቸውም። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያሳወቀው በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። ቤት ሠርቶ፣ ወልዶ፣ አርሶ፣ ነገር ግን ያለ ወረቀት መኖር ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ቆመን አሰብን።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሴት ልጅ ስታገባ ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች፤ እሷም እንግዳ ናት። እንሰቱን ትተክላለች፣ ትፍቃለች፣ ቤቱን ታቆማለች። ባሏ ሲሞት ግን «መሬቱ የወንድማችን ነው» የሚል ይመጣል። ከአባሎቻችን አንዷ ይህ ደርሶባታል። ያዳናት ስሟ በይዞታ ማረጋገጫው ደብተር ላይ ከባሏ ስም ጋር መጻፉ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ደንግጓል። በመልስ ጉዟችን መኪናው ውስጥ ተጠያየቅን፤ ብዙዎቻችን ደብተሩን በሣጥን ከመቆለፍ በቀር ገልጠን አይተነው አናውቅም።

ስለዚህ ተስማማን። በሚቀጥለው ስብሰባችን ያለን ሁሉ ደብተራችንን ይዘን እንመጣለን። ማንበብ የምትችለው ለማትችለው ታነባለች። ስሟ የሌለ ወይም የተሳሳተ ካለች ብቻዋን አትሄድም፤ ሦስት ሆነን ወደ ቀበሌ እንሸኛታለን። በጉዞው ያልነበራችሁም አትቅሩ። ደረቅ ቅጠልም ይዛችሁ ኑ፤ እጃችንን እንሞክርበታለን።