ሹልክታ፦ ጠላትን በድግምት አልፎ መሄድ ማጭበርበር ነው?

ሹልክታ ማለት በጨዋታ ውስጥ እንዲዋጉት የተቀመጠን ጠላት ሳይገጥሙ አልፎ ወደሚቀጥለው ስፍራ መድረስ ነው። ተጫዋቾች ዛሬ የሚሉት «ስኪፕ» ነው፤ «እነዚያን ስኪፕ አድርገን ቀጥታ ቦሱ ጋ ሄድን»። አማርኛ ይፈለግለት ከተባለ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው «መዝለል» ነው፤ ግን በጨዋታ ውስጥ መዝለል የራሱ ቁልፍ ያለው እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ «ዘለልኩት» ያለው ልጅ ገደሉን ይሁን ውጊያውን መለየት ያስቸግራል። «ማለፍ»ም አይበቃም፤ ሌቭል የሚታለፈው አሸንፎ ነውና። ዝም ካለ ዝምታ፣ ጸጥ ካለ ጸጥታ፣ ብልጭ ካለ ብልጭታ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ሹልክ ካለም ሹልክታ ይወጣል።

ቃሉ ጥርጣሬ ይዞ ይመጣል። ሹልክ ያለ ሰው ዕዳ ወይም ጥፋት ያለበት ይመስላል። ጥርጣሬው ግን በኦንላይን ጨዋታዎች ዘንድ የቆየ ነው። በተለይ መሹለኪያው ቴሌፖርት ሲሆን፣ ማለትም ከቆሙበት ተሰውሮ ሌላ ቦታ ብቅ የሚያስብል ድግምት ሲሆን፣ «ይሄማ ማጭበርበር ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ክርክሩ በደንብ የሚታይበት ጨዋታ ዲያብሎ 2 ስለሆነ እሱን ልውሰድ።

ብሊዛርድ ኖርዝ የሠራው ይህ ጨዋታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከሚመረጡት ገጸ ባሕርያት አንዷ ሶርሰረስ የምትባለው አስማተኛ ስትሆን፣ ሌቭል 18 ስትደርስ ቴሌፖርትን መማር ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ማስፋፊያ ወዲህ የመጨረሻው ጠላት በኣል ነው፤ እሱን ደጋግሞ መግደል ደግሞ ሌቭል የሚያድግበት ዋናው መንገድ ሆነ። አካሄዱ እንዲህ ነው። በአንድ ክፍል እስከ ስምንት ሰው ይጫወታል። ሰባቱ ከተማ ይጠብቃሉ። ሶርሰረሷ ወደ በኣል ዙፋን ከሚያደርሰው ዎርልድስቶን ኪፕ ሁለተኛ ፎቅ ትነሳለች። ብልጭ ስትል ከጭፍራው ጀርባ ናት፤ ደግማ ብልጭ ስትል ግድግዳውን ተሻግራለች። ማናዋ፣ ማለትም የድግምት ኃይሏ፣ ሲነጥፍ ሰማያዊውን ጠርሙስ ትጨልጣለች። አፍታ ከዘገየች መብረቅ የሚወረውሩት ነፍሳት ይደርሱባታል፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ሶርሰረስ የቀበሩ ናቸው። ዙፋኑ አዳራሽ ስትደርስ ወደ ከተማ የሚወስደውን ፖርታል ትከፍታለች፤ ሰባቱ በዚያ ይገባሉ። ከዚህ በኋላ መሹለክ የለም፤ በኣል አምስት ዙር ጭፍራ ይልካል፣ አምስቱም ካልተገደሉ ራሱ አይገጥምም።

እዚህ ውስጥ የተሰረቀው ምንድን ነው? ያለፈቻቸው ጭራቆች ይሰጡት የነበረው ልምድና ዕቃ ቀርቶባታል። ድግምቱን ለመማር ሌላ ነገር ላይ ልታውለው የምትችለውን ነጥብ ከፍላለች፤ በመጀመሪያው ደረጃ እያንዳንዷ ብልጭታ 24 ማና ትበላለች። መሣሪያውን ያስቀመጡላት ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ጠላትን ለማለፍ እንደሚያገለግልም አሳምረው ያውቃሉ። አብረዋት ያሉት ሁሉ ያያሉ፤ እንዲያውም የሚጠብቁት ያንኑ ነው። ሆላንዳዊው የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» ውስጥ አጭበርባሪን የሚለየው ሕጉን ያከበረ እየመሰለ በመጣሱ ነው። የሶርሰረሷ ሥራ ማስመሰል የለበትም።

በዚሁ ጨዋታ ማጭበርበር ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ማፕሃክ የሚባለው ከውጭ የሚጫን ፕሮግራም ገና ያልተረገጠውን ካርታ በሙሉ ገልጦ ያሳያል። ሁለት ሶርሰረሶች ጎን ለጎን ቴሌፖርት ቢያደርጉ፣ አንዷ ደረጃውን በግምት እየፈለገች፣ ሌላዋ የት እንዳለ እያየች ብትሄድ፣ ድግምቱ አንድ ነው፤ ያጭበረበረችው ግን ሁለተኛዋ ናት። ውድ ዕቃዎችን በሰርቨር ስህተት እያባዙ መሸጥም ነበር፤ እሱ ሁሉም የሚገበያይበትን ገበያ ነው ያረከሰው።

አስቸጋሪው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ «ኤክስፕሎይት» የሚሉት። በአማርኛ «በክፍተት መጠቀም» ቢባል ይገልጸዋል፤ የሕግ ክፍተት የምንለውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። እዚህ መሣሪያው የተፈቀደ ነው፣ ውጤቱ ግን ሠሪዎቹ ያላሰቡት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤንሲዲያ የተባለው የዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ቡድን ሊች ኪንግ የሚባለውን ቦስ በ25 ሰው ውጊያ ከዓለም ቀድሞ ጣለ። በዚያ ውጊያ ሊች ኪንግ የመድረኩን ዙሪያ ይንዳል፤ ክንፋሞቹ ቫልኪሮች ደግሞ ተጫዋች እያነሱ ወደ ገደሉ ይጥላሉ። ከቡድኑ አንዱ የወረወረው ሳሮናይት ቦምብ፣ ማንኛውም የእጅ ሙያውን የተማረ ተጫዋች የሚሠራው ተራ ቦምብ፣ የተናደውን መድረክ መልሶ ይተክለው ነበር። ብሊዛርድ ተጫዋቾቹን ለ72 ሰዓት አገደ፤ ድሉንና ያገኙትን ዕቃም ወሰደባቸው። እነሱ ሆን ብለን አላደረግንም አሉ። ቅጣቱ በዛ አልበዛ ማለት ይቻላል፤ መስመሩ ግን ግልጽ ነው። ቦምብ ወለል እንዲጠግን ማንም አላሰበም። ቴሌፖርት ግን ተጫዋችን ከዚህ ወዲያ እንዲያደርስ ነው የተሠራው፤ አደረሰም።

እንግዲህ ማጭበርበር ካልሆነ ጉዳት የለውም ማለት ነው? አለው፤ ይህን የሚሸፋፍን ሰው ለጨዋታው አያስብም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዲያብሎ 2 1.10 ማሻሻያ ኢኒግማ የሚባል ጥሩር አመጣ። ጃህ፣ ኢዝ እና ቤር የተባሉትን ሦስት ሩኖች (የአስማት ድንጋዮች) ባለ ሦስት ቀዳዳ ጥሩር ላይ በቅደም ተከተል የሰካ፣ የትኛውም ዓይነት ገጸ ባሕርይ ቢሆን፣ ቴሌፖርት ያደርጋል። ፓላዲኑም፣ ባርባሪያኑም፣ ኔክሮማንሰሩም። ያኔ የሶርሰረሷ መለያ የሁሉም ግዴታ ሆነ። ኢኒግማ የሌለው ወደ ኋላ ቀረ፤ በእግር የሚገባባቸው ሰፋፊ ሜዳዎችና ዋሻዎች ዳር ዳሩ ብቻ የሚታይ ማሳለጫ ሆኑ። ይህ የጨዋታ መደህየት ነው፤ ጥፋተኛው ግን ጥሩሩን የለበሰው ተጫዋች አይደለም።

እግር ኳስ ይህን ያውቃል። እስከ እ.ኤ.አ. 1992 ድረስ ተከላካይ ወደ ኋላ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ ግብ ጠባቂው በእጁ ያነሳ ነበር። ይህን እየደጋገመ ሰዓት የሚገድል ቡድን ተመልካችን አስመርሯል፤ አጭበርባሪ ግን አልነበረም። መፍትሔ የሆነው ሕጉን መቀየር ነው። ጨዋታ ሠሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ዲያብሎ 3 የዊዛርዱ ቴሌፖርት አንዴ ከተጠቀሙበት በኋላ ተመልሶ እስኪዘጋጅ መጠበቅን ይጠይቃል። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባመጣው ሚቲክ ፕላስ የሚባል የውጊያ ዓይነት፣ ቦሶቹን ከመጣል በተጨማሪ ከጭፍራው የተወሰነ መጠን መግደልን ግዴታ አደረገ፤ ያ ካልሞላ ዙሩ አይጠናቀቅም። በጣም የምወደው መልስ ይህ ነው። ሹልክታን አልከለከለም፤ ዋጋ ተመነለት። አሁን ቡድኑ ካርታውን ዘርግቶ የትኛውን ገድሎ ቁጥሩን እንደሚሞላ፣ በየትኛው ጥግ ሮግ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ሁሉንም በጥላው ሸፍኖ እንደሚያሻግር አስቀድሞ ይመክራል። ሹልክታ ራሱ የሚለማመዱት ጥበብ ሆነ።

ከሹልክታ ሌላ የሚያስፈልግ አንድ ቃል አለ፦ «ማሾለክ»። ሰው ራሱ ሲሾልክና ሌላውን ሲያሾልክ ልዩነት አለው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄኛው ነው። ዲያብሎ 2ን ትናንት የጀመረ ልጅ ጓደኞቹ በፖርታል ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲያስገቡት፣ በአንድ ምሽት መጨረሻው ላይ ይደርሳል፤ የሉት ጎሌይን ቤተ መንግሥትም፣ የኩራስት ጫካም አልፈውታል። ማንም አላታለለውም፣ ማንም ሕግ አልጣሰም። ነገር ግን የቀረበት ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ከኋላቸው ምን እንዳለ ሳያውቁ በሮችን የመክፈትን ደስታ ሁለተኛ ዙር አይመልሰውም።

የዲያብሎ 2 ተጫዋቾች ለዚህ ቀላል መላ አላቸው። ክፍል የሚከፍት ሰው ስም ያወጣለታል። «በኣል ራን 01» የሚል ክፍል የገባ፣ ሶርሰረሷ ፖርታል እስክትከፍት ከተማ ቆሞ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ከመጀመሪያው አንስቶ እየተዋጋ መሄድ የፈለገ የራሱን ክፍል ይከፍትና ያንኑ ይጽፍበታል፤ እንደሱ መሄድ የሚፈልጉም እዚያ ይገናኛሉ።