የቺዋዋ ታሪክ ከወዴት ይፈለጋል?

ተመልካች ከመኪናው ሳይወርድ ፊልም የሚያይበት ሲኒማ እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ፣ በካምደን ከተማ አቅራቢያ ተከፈተ። መሥራቹ ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ መኪኖቹ ለሚቆሙበት ተዳፋት ፓተንት አውጥቶ ነበር፤ ይኸው መብት በ1949 ዓ.ም. በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሻረ። በ1950ዎቹ ማብቂያ በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ሲኒማዎች ቁጥር ወደ 4000 ተጠግቶ ነበር።

ከትኬቱ ገቢ ብዙው ለፊልም አከፋፋዩ ስለሚሄድ፣ የባለቤቱ እውነተኛ ትርፍ የሚገኘው ከምግብ መሸጫው ነው። ፈንዲሻው በየስፍራው አንድ ዓይነት ስለሆነ ለተመራማሪ እምብዛም አይናገርም። የምዕራብ ቴክሳሱ «ቺዋዋ» ግን የአገሩን መልክ ይዟል። በሁለት የደረቁ የበቆሎ ቂጣዎች መካከል በበርበሬ የተሠራ ሥጋ፣ ቀይ ሚጥሚጣ አልባ በርበሬ የገባበት አይብ፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ይደረጋል፤ ቃሪያም አይለየውም። በ2003 ዓ.ም. በሉበክ ከተማ የተከፈተው ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ሲኒማም ይህንኑ ለደንበኞቹ አቅርቧል።

ስሙ የሜክሲኮን ክፍለ ሀገር ቢጠራም፣ ስም ብቻውን የትውልድ ማስረጃ አይሆንም። ቂጣው የሜክሲኮ ነው፤ አይቡ ግን የአሜሪካ ደቡብ ቤቶች ወግ ነው። ስለዚህ ምግቡን የድንበር ልጅ ማለት ይሻላል። ማስረጃ ፍለጋውም ከጋዜጣ ይልቅ ከጓዳ ቢጀምር ይበጃል፤ የሲኒማ ማስታወቂያ የተዋናዩን ስም ያትማል እንጂ ቂጣውን የጠበሰችውን ሴት አያነሣም፤ የዚያ ዘመን ወጥ ቤቶችም ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል።