የብዙዎች እጅ ያለበት የዕውቀት መዝገብ



የዛሬው ንግግራችን በብራና ስላልተጻፈ፥ በማተሚያ ቤትም ስላልታተመ አንድ መዝገብ ነው። ስሙ ዊኪፔዲያ ሲሆን በአማርኛው ገጽ «ውክፔዲያ» ተብሎ ይጻፋል። በኢንተርኔት አማካይነት ማንኛውም ሰው ከያለበት ሆኖ ያነበዋል፤ ከማንበብም አልፎ የጎደለ የመሰለውን ይጨምርበታል፥ የተሳሳተ የመሰለውን ያርመዋል። ጽሑፉን የሚጽፉትና የሚያርሙት ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እነዚህ እርስ በርሳቸው እንኳ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ እንደ ምን አድርገው ይስማማሉ? ባይስማሙስ ምን ይሆናል?

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ ሰዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ኑፒዲያ የተባለ የዕውቀት መዝገብ በምሁራን ለማስጻፍ ተነሡ። ነገር ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ሰባት የምርመራ ደረጃ እንዲያልፍ ስለ ተወሰነ፥ በመጀመሪያው ዓመት ተመርምረው ያለቁት ጽሑፎች ከ25 አይበልጡም ነበር። ከዚህ በኋላ በጥር ወር 2001 ሌላ መዝገብ አቋቁመው በሩን ለሁሉ ከፈቱት፤ ምርመራው ከጽሑፉ በፊት መሆኑ ቀርቶ ከጽሑፉ በኋላ ሆነ።

የዕውቀት መዝገብን በኅብረት መጻፍ ግን ከዚያ እጅግ የቆየ ነው። በፈረንሳይ አገር ዲዴሮና ዳላምቤር በ1751 ማሳተም የጀመሩት ታላቅ መዝገብ ብዙ ጸሐፊዎች የተካፈሉበት ነበር። ዳላምቤር በመካከሉ ሥራውን ትቶ ሄደ። ዲዴሮ ብቻውን ሲታገል ቆይቶ በ1764 አንድ መራራ ነገር ደረሰበት፤ ይኸውም አታሚው ለ ብረቶን የመንግሥትን ቍጣ ፈርቶ፥ ለኅትመት የጸደቁትን ጽሑፎች በስውር ሲቈርጥ መኖሩን ማወቁ ነው። የተቈረጠውም በጊዜው ሊመለስ አልቻለም። በዛሬው መዝገብ እንዲህ ያለው ስውር ሥራ አስቸጋሪ ነው። በየገጹ «ታሪክ» የሚባል ክፍል አለና ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የተሰረዘውም ቃል ከዚያ ተፈልጎ ይገኛል። «ውይይት» በሚባለውም ክፍል ተከራካሪዎቹ ምክንያታቸውን ይጽፋሉ። ለእኔ ከጽሑፉ ይልቅ ይህ የክርክሩ ክፍል ብዙ ጊዜ የበለጠ ያስተምረኛል።

ከእብናትና ከደብረ ታቦር ወገን ሆኖ ይህን ለሚሰማ ሰው ጉዳዩ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን ግእዙን በአማርኛ ሲተረጕሙ፥ አንዱ መምህር ያወጣውን ምሥጢር ሌላው ባይቀበለው የፊተኛውን አልሰረዘም፤ «አንድም» ብሎ የራሱን ከጎኑ አስቀመጠ እንጂ። አንድምታ የተባለውም ስለዚህ ነው። የማን ቃል እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም፤ የስንት ሰው ድካም እንዳለበት ግን አንባቢው ከንባቡ ያስተውለዋል። ቢሆንም መቻቻሉ ወሰን ነበረው። በ18ኛው መቶ ዓመት መምህር ኤስድሮስ የቀድሞውን ትርጓሜ መርምረው አሻሻሉ ተብሎ ይተረካል። የእርሳቸውን የተከተሉት «ታች ቤት»፥ በቀድሞው የጸኑት «ላይ ቤት» ተባሉ። ከጊዜ በኋላ የታች ቤቱ በረታ፤ በማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣውም እርሱ ነው። የላይ ቤቱ ግን ተማሪ እያነሰው ተመናመነ። የላይ ቤቱ ቃል እንደ ዛሬው መዝገብ «ታሪክ» በሚባል ክፍል ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁለቱን አስተያይቶ ለመፍረድ በተቻለ ነበር።

በሰዎች መካከል ክርክር የሚነሣው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ስለ ደብረ ታቦር ጦርነት የሚጽፉ ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው ጦርነቱ የተደረገው በ1834 ነው ቢል፥ ሁለተኛው ደግሞ በ1842 ነው ብሎ ቢያርመው፥ የመጀመሪያው በኢትዮጵያ፥ ሁለተኛው በፈረንጆች ዘመን ቈጥረዋልና ሁለቱም እውነት ጻፉ። ይህስ በቀላሉ ይታረቃል። ድሉ የማን ነበር ቢባል ግን ነገሩ ይከብዳል። በውጊያው የራስ ዐሊ ጦር ተሸንፎ ራስ ዐሊም ሸሹ፤ ስለዚህ ባለድሉ ደጃዝማች ውቤ ናቸው ቢባል ማስረጃ አለው። ይሁን እንጂ ደጃዝማች ውቤ ድላቸውን ሲያከብሩ የራስ ዐሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው፤ ራስ ዐሊም ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። አንዱ ጸሐፊ በቀትር፥ ሌላው በማታ ቆሞ ቢጽፍ አንዱ የሌላውን «ውሸት» ብሎ ይሰርዘዋል። የመዝገቡ ሕግ ገለልተኛነትን ስለሚያዝ፥ ቀትሩንም ማታውንም በየተራቸው መጻፍ ግድ ይሆናል።

የአማርኛው መዝገብ ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለው። 15 ሺህ ያህል ጽሑፎች ሲኖሩት፥ ሀ ሐ ኀን፥ ሠንና ሰን፥ አንና ዐን፥ ጸንና ፀን ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ስለሚጽፍ አንድ ስም በብዙ መልክ ይፈለጋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተቀበሉት፥ ከእርሳቸውም በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ፊደላቱ እንዳይደባለቁ አጥብቆ ያስተምራል። የኢንተርኔቱ ጸሐፊዎች በበኩላቸው «መምሪያ መንገድ» የሚባል ዘዴ አላቸው፤ በየትኛውም ፊደል ቢፈለግ ወደ አንዱ ገጽ ያደርሳል። የእብናት ስም እንኳ፥ የላቲን ፊደል ለሳድሳችን የሚስማማ ምልክት ስለሌለው፥ በውጭ ቋንቋ አንድ ጊዜ «ኢብናት»፥ አንድ ጊዜ «ኤቤናት» ይባላል።

ስለ ከተማ ስም መጣላት የእኛ ብቻ ነው እንዳይባል፥ ፖላንዶች ግዳንስክ፥ ጀርመኖች ዳንትሲግ ስለሚሉት ከተማ የእንግሊዝኛው መዝገብ ጸሐፊዎች ብዙ ተሟግተው በ2005 ድምፅ እስከ መስጠት ደርሰዋል። ከ1308 እስከ 1945 ላለው ዘመን ዳንትሲግ፥ ለሌላው ግዳንስክ እንዲባል ተወሰነ። በዚያው መዝገብ አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ የሌሎችን እርማት ከሦስት ጊዜ በላይ ቢሽር ከመጻፍ ሊታገድ ይችላል።

ከሕጎቹ ሁሉ ለእኛ አገር የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ታትሞ ያልወጣ ነገር እንደ ማስረጃ አይቈጠርም። በጋይንት በቤተ ልሔም ድጓ፥ በዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕት ሲመሰከር የኖረው መምህሩ በቃል ያጸናውን ተማሪው በቃል እየተቀበለ ነው። እዚያ ለዓመታት የተቀመጠ መምህር ስለ ቦታው የሚያውቀውን በገጹ ላይ ቢጽፍ፥ ከሩቅ አገር ያለ አራሚ «ምንጩ የት አለ?» ብሎ ሊሰርዝበት ሥልጣን አለው፤ አንድ መንገደኛ በሁለት ቀን አይቶ ያሳተመው ግን ይጸናል። አራሚው ያላየውን ነገር በምን ያረጋግጣል ቢባል ሕጉ ምክንያት የለውም አይባልም። አንድምታው ራሱ ግን ወደ ማተሚያ ቤት እስኪገባ ድረስ አብዛኛው የኖረው በመምህራን አፍ ነበርና፥ በዚህ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ በታች ቤትና በላይ ቤት መካከል ክርክር ሳይነሣ ሁለቱም በአንድነት በተሰረዙ ነበር።